የጓንጉል ዝቅዝቅ ነጭ ሽንኩርት

እኔ ወሬ አላበዛም። አያቴ ለአባቴ ያወራውን፣ አባቴ ለእኔ እንዳለኝ እላለሁ።

አያ ጓንጉል ምላሱ ስለት፣ እጁ ግን ለእርሻ ያልታደለ ሰው ነበር። ያለችው አንዲት ጓሮ ናት። እሷም የፊታውራሪ አምባዬን አጥር ስለምትነካ ዓይናቸውን ጥለውባታል።

ክረምት ሊወጣ ሲል በጓሮው ነጭ ሽንኩርት እየፈለቀቀ ሲተክል ዋለ። ሚስቱ የውብዳር አንዱን መዝዛ ብታይ ቂጡ ወደ ሰማይ፣ ጫፉ ወደ ምድር ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

“አንተ ሰው፣ ሁሉንም ዘቅዝቀኸዋል እኮ” አለችው።

«እኔስ በእግሬ አይደል የተወለድኩ? ይኸው አደግሁ።»

“ማደጉንስ አደግህ፤ መች ቀናህ” አለች ይባላል።

ሽንኩርቱ ከሰው ሁሉ ዘግይቶ፣ አንገቱን ቆልምሞ በቀለ። ፊታውራሪ በበቅሎ ሲያልፉ አዩና፣ “ጓንጉል፣ ሽንኩርትህ ምን ሆኖ ነው የጎበጠ?” አሉት።

«እርስዎ ሲያልፉ እጅ እየነሣ ነው ጌታዬ። ከባለቤቱ የወረሰው ነው።»

አሽከሮቻቸው ሳቁ። ፊታውራሪ አልሳቁም።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ነቀለው። ራሱ ከባቄላ እምብዛም አይበልጥም። የውብዳር ጎንጉና ከምሰሶው ሰቀለችው። አያ ጓንጉል ግን አላስችል ብሎት እየበላ፣ በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ቢቆም ሰው ሁሉ ሸሸው። አባ ክንፉ ቀርበው፣ “ምነው ልጄ፣ ይህን ያህል?” አሉት።

«አባቴ፣ አዝመራዬ በዓይን አይታይም። በአፍንጫ እንኳ ይታወቅልኝ ብዬ ነው።»

ይህ ወሬ ከፊታውራሪ ጆሮ ደረሰ። ማግስቱን፣ “ከጓሮዬ ሁለት መደብ ነጭ ሽንኩርት ተሰርቋል፤ ሌባው አፉ ይሸታል” ብለው ከሰሱት። ጉንጉኑን ከምሰሶው አስወርደው ዋርካው ሥር ሸንጎ ፊት አስቀመጡት። “የኔ ነው። ሌባም ከአጥሬ ሥር አይኖርም፣ ጓሮውን ይልቀቅ” አሉ።

የውብዳር ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ዳኛው፣ “አንተ ጓንጉል፣ ያንተ ለመሆኑ ምስክር አለህ?” አሉት።

«አለኝ ጌታዬ፣ ሞኝነቴ። አንዱን አንሥተው አንገቱን ይዩት፤ ዘቅዝቄ ተክዬው ቆልማማ ነው። አገር የሳቀብኝ በዚሁ ነው። ፊታውራሪም የኔ ነው ካሉ፣ “እንደ ጓንጉል ዘቅዝቄ ተከልኩ” ይበሉና ከነጓሮው ይውሰዱት።»