የመጨረሻው ጥሩምባ

ተረት ተረት፤ የላሟ በረት ዛሬ ሕንፃ ሆኗል።

አህያ የእንስሳት እድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሁሉም ስልክ ሲይዝ ዝንጀሮ፣ «ጋሼ አህያ፣ እንግዲህ ይረፉ፤ መርዶውን በቴሌግራም እንለጥፋለን» አለው።

የፍየል ባል ሞተ። «ነፍስ ይማር» በስልኳ ጎረፈላት፤ ሬሳውን የሚሸከም ትከሻ ግን አልመጣም።

«ጋሼ፣ ስለ ፈጣሪ ይንፉልኝ!» አለች።

አህያ ደረቱ እስኪሰነጠቅ ነፋ። ዶሮ ስልኳን እንደያዘች በመስኮት ብቅ አለች፦ «ምነው ጋሼ፣ ዝም ይበሉ እንጂ! ፍየልን እያጽናናናት እኮ ነው!»

ሲመሻሽ አህያ ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ። ሰው አገኘን ብሎ ደስ ብሎት ዞረ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ ጅብ። «እኔ ስልክ የለኝም፤ ጥሩምባውን ሰምቼ ነው የመጣሁት።»