በርሜልና ኩራዝ

አንድ ጊዜ አንበሳ በሚገዛው ጫካ ላምባ ተወደደና የብዙው ቤት ኩራዝ ጠፋ። ንጉሡ አዘነ። «የዋጋውን ግማሽ እኔ እከፍላለሁ፤ ሁሉም በርካሽ ይቅዳ» ሲል አወጀ። ላምባውን ከቆላ እየጫነ፣ አቀበቱን እያለከለከ የሚያመጣው አህያ ነበር።

የዕደላው ቀን ዶሮ ኩራዟን ይዛ መጣች። አያ ጅቦ በርሜል እያንከባለለ መጣ።

አህያ አላስቻለውም። «እመት ቀበሮ፣ ርካሹ ዋጋ ለኩራዝ ነው ወይስ ለበርሜል?» አላት።

ቀጂዋ ቀበሮ ቀና ብላም ሳታየው፣ «ዋጋው ለሁሉም እኩል ነው። ዶሮም በርሜል ታምጣ፣ ማን ከለከላት?» አለችው።

ብዙም ሳይቆይ ላምባው ያለጊዜው ያልቅ ጀመር። ከወንዙ ማዶ በነብር አገር፣ ድጎማ በሌለበት፣ በሦስት እጥፍ ይሸጣል የሚል ወሬም ተሰማ። አንበሳ ተቆጣ። «የሚያሻግረው ማን ነው?»

«ንጉሥ ሆይ፣ ምርመራ ምን ያደርጋል?» አለች ቀበሮ። «የሁላችንንም ጀርባ ያሽትቱ።»

አሸተቱ። የአህያ ጀርባ ላምባ ላምባ ይላል። ወዲያው ተፈረደበት፤ ይሸከም፣ ግን አይቅዳ።

አህያ ሦስት ዓመት ያለ ብርሃን አመሸ። ከሸክሙ አንድ ቀን አልቀረም፤ ፍርዱንም አንድ ቀን አልረሳም። ሲወጣም ሲወርድም አንዲት ጥያቄ ያላምጥ ነበር። ጅብ በጨለማ የሚሄድ አውሬ ነው፤ ላምባ ምን ያደርግለታል?

በአራተኛው ዓመት የንጉሡ ግምጃ ቤት ተራቆተ። «ድጎማውን ላነሣው ነው» አለ አንበሳ። ዶሮ አንገቷን ደፋች። አህያ ግን ወደ ፊት ወጣ።

«አያንሡት፣ ንጉሥ ሆይ። ነገ ሁሉም የቤቱን ኩራዝ ይዞ ይምጣና እፊትዎ ያብራ። ያበራ ይቅዳ።»

«አንተ ሸክምህን ተሸከም፤ ምክር ማን ጠየቀህ?» አለች ቀበሮ።

«ነገ እናያለን» አለ አንበሳ።

በማግስቱ ዶሮ በጥላሸት የጠቆረች ኩራዟን አበራች። በግም አበራች። የአያ ጅቦ ተራ ደረሰ። ከቀበሮ የተዋሰው ኩራዝ አዲስ ነው፤ ክር ግን የለውም።

«ክሩስ?» አለ አንበሳ።

«ያቺ ከላይ ብቅ ያለችው ጅማት ናት?» አለ ጅብ። «መንገድ ላይ ራበኝና በላኋት።»

ጫካው በሳቅ ተናጋ። አንበሳ አልሳቀም። «የዚህን ሁሉ ዓመት በርሜል ታዲያ የት አደረስከው?»

«ማዶ ነዋ። የምትሸጠው እመት ቀበሮ ናት፤ የኔ ሥራ ማንከባለል ብቻ ነው።»

ቀበሮ ሹልክ ልትል ስትል ከርከሮ መንገዱን ዘጋባት።

አንበሳ ወደ አህያ ዞረ። «ያኔ ጀርባህ ሸቶን ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ዛሬም ይሸታል፣ ንጉሥ ሆይ። ያሸከሙኝ እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላምባ በኩራዝ እንጂ በበርሜል አልተቀዳም። የመጀመሪያውንም ኩራዝ ንጉሡ ራሱ ሞልቶ ለአህያ ሰጠው።

ከዚህ የምንማረው ለድሃ የታሰበ እርዳታ በተቀባዩ ችግር ሳይሆን በዕቃው ስፋት ከተሰፈረ፣ ትርፉ ለባለ በርሜሉ፣ ክሱ ለተሸካሚው እንደሚደርስ ነው።