ያልተነቀለው ድንኳንና የአስካለ ባሕር

ተረት ነው ብላችሁ አትናቁት፤ እውነት ነው ብላችሁም አትማሉበት። በድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ዳር፣ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። ደቻቱን ለማያውቅ ልንገረው፤ ወንዝ ይሉታል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የለውም፣ አሸዋ ብቻ ነው። አስካለም ዕድሜዋን ሙሉ አሸዋ ዳር ኖራ ባሕር አይታ አታውቅም።

ባሏ ገረመው ግን አይቷል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ባቡር ነጂ ስለነበር ጅቡቲ ይወርዳል፣ ባሕሩን ያያል፣ ተምርና ሽቶ ይዞላት ይመለሳል። "ባሕሩ እንዴት ነው?" ስትለው፣ ጫማውን እየፈታ "ምን አለው፣ ውኃ ነው" ይላታል። ለጠገበ ሰው ሁሉም ነገር ውኃ ነው።

አስካለ የተመኘችው ደግሞ የጅቡቲን ባሕር አልነበረም። የልብ ወዳጇ ፋናዬ፣ ሁለት በር አልፎ የምትኖረው፣ ሳሎኗ ውስጥ የግድግዳ ካላንደር ሰቅላ ነበር። ካላንደሩ ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል፤ ሥዕሉን ስለወደደችው ግን አላወረደችውም። የሞምባሳ ባሕር ዳርቻ ነው፤ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ ወደ ውኃው ያዘነበለ የኮኮናት ዛፍ። ሁለቱ ሴቶች አመሻሽ ላይ ጫማቸውን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው፣ በሌላው እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ የደቻቱን አሸዋ በባዶ እግራቸው ይሄዱበታል። ሰው ሲስቅባቸው ፋናዬ "እግራችንን ለሞምባሳ እያለማመድን ነው" ትላለች። መንገድ የሚያውቅ እሱ ነውና ገረመውንም አብረው ለመኑት። "ለከርሞ" አላቸው። ከርሞም ደረሰ፤ አሁንም "ለከርሞ" አላቸው። ከዚያ ፋናዬ ታመመች፣ ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አስካለ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠችና፦

"ገረመው፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ባሕሩን አሳየኝ" አለችው። "ፋናዬ ለከርሞ እንደተባለች ሄደች። እኔን ለከርሞ አትበለኝ። ከእንግዲህም አልለምንህም።"

ገረመው "ለከርሞ" ሊል የከፈተውን አፍ ዘጋው። የመጨረሻ ልመናዋ እንደሆነ ከአነጋገሯ ገብቶታል። ሰው ግን ሰበብ አያጣምና "ያለ ሰናይት እንዴት ይሆናል? እዚያ አገር ቋንቋውን ማን ያወራልናል?" አለ። ሰናይት ልጃቸው ናት፤ ከቤቱ የውጭ ቋንቋ የምትሞክረው እሷ ብቻ ናት።

"እሺ፣ እሷን ይዘህ ና" አለችው አስካለ።

ገረመው ያለ ሰናይት አልሄድም አለ፣ አስካለም ባሕሩን አላየች።

ገረመው ተነስቶ ሰናይት ዘንድ ሄደ። ሰናይት ከዚራ በሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት። መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ ነበርና መጀመሪያ በዓይኗ ሰላም አለችው።

"አባዬ፣ እማዬን ባሕር ባሳይ ደስታዬ ነበር" አለች መርፌዎቹን አውጥታ። "ግን የረድኤትን የሰርግ ልብስ ይዣለሁ። ቀኑ አልተቆረጠ፣ እሷ ደግሞ አንዴ ትወፍራለች አንዴ ትከሳለች። እኔ እፈታለሁ፣ እሰፋለሁ። የሙሽራ ልብስ ጥዬ ብሄድ ከዚህ በኋላ ማን ጨርቅ ይሰጠኛል? ሰርጉ ይለፍ፣ ያኔ መርፌዬን አስቀምጣለሁ።"

ሰናይት ሰርጉ ሳያልፍ መርፌዬን አላስቀምጥም አለች፣ ገረመው ያለ ሰናይት አልሄድም አለ፣ አስካለም ባሕሩን አላየች።

ገረመው ሙሽራዋ ዘንድ ሄደ። ረድኤት የሰፈር ልጅ ናት፤ እጁ ላይ ነው ያደገችው።

"አንቺ ልጅ፣ ምን እስክትሆኚ ነው የማታገቢው?"

"ጋሼ፣ እኔ ዛሬም ዝግጁ ነኝ" አለች። "አባቴ ነው፤ የእድራችን ትልቁ ድንኳን ካልተተከለ አልድራትም ብሏል። አሮጌው ድንኳን የለቅሶ ነው፤ ቁጭ ብለህ በቀዳዳው ኮከብ ትቆጥርበታለህ። ከሌላ እድር ለምነን ብንደግስ ደግሞ ሰፈሩ ምን ይለናል? እኔም ያለ እሱ አልዳርም።"

"ትልቁ ድንኳን የት ገባ?"

ረድኤት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። "አብዱን ብትጠይቀው ይሻላል።"

ሙሽራዋ ያለ ትልቁ ድንኳን አልዳርም አለች፣ ሰናይት ሰርጉ ሳያልፍ መርፌዬን አላስቀምጥም አለች፣ ገረመው ያለ ሰናይት አልሄድም አለ፣ አስካለም ባሕሩን አላየች።

አብዱ የእድሩን ድንኳን የሚተክልና የሚነቅል ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጫቱን ይዞ ጥላ ስር ጋደም ብሏል። ገረመውን ሲያይ ቀና አለ።

"አቦ ጋሽ ገረመው፣ ድንኳኑ መች ተነቀለና ትጠይቀኛለህ? ፋናዬ ያረፈች ጊዜ ለቀስተኛው በዝቶ ትልቁን በባሏ በጋሽ ተካልኝ ግቢ ተከልኩት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። የእድሩ ሊቀመንበር እሱ፣ ሐዘንተኛው እሱ። ያለ እሱ ቃል አንድ ካስማ አልነቅልም።"

"ሙት ዓመቷ ሊደርስ ነው እኮ። ምን ይጠብቃል?"

"አንድ ሰው ይጠብቃል። ያ ሰው መጥቶ ካልተቀመጠ ድንኳኔን አላስነቅልም ብሏል።"

"ማን ነው ሰውየው?"

አብዱ ከጫቱ ለጋ ለጋውን መምረጥ ጀመረ። ያን ያህል የሚመረጥ ነገር አልነበረውም።

"አቦ ተወኝ ጋሼ። ቤቱን ታውቀዋለህ፣ ሂድና ራሱን ጠይቀው።"

ተካልኝ ያ ሰው ሳይመጣ ድንኳኔን አላስነቅልም አለ፣ አብዱ ያለ ተካልኝ ቃል ካስማ አልነቅልም አለ፣ ሙሽራዋ ያለ ትልቁ ድንኳን አልዳርም አለች፣ ሰናይት ሰርጉ ሳያልፍ መርፌዬን አላስቀምጥም አለች፣ ገረመው ያለ ሰናይት አልሄድም አለ፣ አስካለም ባሕሩን አላየች።

እናንተ ሰውየውን አውቃችሁታል። ሰፈሩም ያውቀዋል፤ በይሉኝታ ተይዞ ዝም አለ እንጂ። አስካለማ "ሂድ" ብላ ብላ ደክሟት ትታዋለች። ያላወቀው፣ ወይም ማወቅ ያልፈለገው፣ ገረመው ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ተካልኝ የፋናዬ ባል ነው፤ ከገረመው ጋር በባቡሩ ሥራ አብረው አርጅተዋል፣ ገረመው ነጂ፣ ተካልኝ ጋራዥ ውስጥ ጠጋኝ። ፋናዬ ስትሞት ገረመው የዘመድ ጉዳይ ይዞት አዲስ አበባ ነበር። ሲመለስ ቀብሩ አልፏል፣ ሰልስቱም ወጥቷል። "ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ ሄጄ ለቅሶ እደርሳለሁ" አለ። ነገ ሲሆን "ሰው ይቀንስ" አለ። ሰው ሲቀንስ "ለአርባዋ እሄዳለሁ" አለ። አርባዋ ሲያልፍ ደግሞ "አሁን ምን ፊት ይዤ?" አለ። ከዚያ በኋላ የተካልኝን በር ላለማየት በገበያው በኩል ዞሮ ቤቱ ይገባ ጀመር። በእኛ አገር ሰርግ የቀረ ሰው ይታማል፣ ለቅሶ የቀረ ሰው ግን ይቆረጣል። ሰው ለቅሶ ስለዘገየ አፍሮ፣ ስላፈረ ጭራሹን ቀርቶ፣ ወዳጁን በቁሙ ያጣል። ከእፍረቱ ስር ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ፤ "ለከርሞ" ያላት ሴት ቤት መግባት አቅቶት ነበር።

ገረመው ከአብዱ ተለይቶ መንታ መንገዱ ላይ ቆመ። በገበያው ዞሮ ሊሄድ አሰበና እግሩ እምቢ አለው። የሰማውን በልቡ ደገመው። ያ ሰው አፍሬ አልሄድም አለ፣ ተካልኝ ያ ሰው ሳይመጣ ድንኳኔን አላስነቅልም አለ፣ አብዱ ያለ ተካልኝ ቃል ካስማ አልነቅልም አለ፣ ሙሽራዋ ያለ ትልቁ ድንኳን አልዳርም አለች፣ ሰናይት ሰርጉ ሳያልፍ መርፌዬን አላስቀምጥም አለች፣ ገረመው ያለ ሰናይት አልሄድም አለ፣ አስካለም ባሕሩን አላየች። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል አስካለን የከለከላት አንድ ሰው ብቻ ነበር። መጀመሪያ ላይ ቆሞ የነበረው ሰውና መጨረሻ ላይ የተገኘው ሰው አንድ ሆኑበት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ቢሆንም ሄደ።

ድንኳኑን የድሬ ፀሐይ አንጥቶታል። ውስጡ አግዳሚዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ተካልኝ ዳር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ከግድግዳ የወረደው ካላንደር አጠገቡ አግዳሚው ላይ አለ። ገረመው ከመግቢያው ሳያልፍ "ፋናዬ፣ ፋናዬ" ብሎ አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ተካልኝ አልተነሳም፣ ዝም በልም አላለውም። አልቅሶ ሲጨርስ ቦታ ለቀቀለት።

"መጣህ?"

"መጣሁ። ማረኝ።"

"እግዜር ያጽናህ የሚለኝ ሰው አላጣሁም" አለ ተካልኝ። "አንተን የጠበቅኩህ ለሌላ ነው። ስትታመም ልኬብህ ነበር፤ ነገ እመጣለሁ ብለህ ቀረህ። ለምን እንደላክሁብህ ታውቃለህ?"

"አላወቅሁም" አለ ገረመው።

"'ባሕሩ እንዴት ነው?' ትለኝ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ከጋራዥ አልወጣሁ፣ ምን ልበላት? 'ገረመው አይቶታል፣ ይምጣና ይንገረኝ' አለች። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ቁጭ ብለህ ብታወራላት ይበቃት ነበር። ለእሷ ያልነገርከውን ለእኔ ንገረኝ፤ ሳልሰማ ይህን ድንኳን አላስነቅልም።"

ገረመው አጠገቡ ተቀመጠ። ጎህ ሲቀድ ውኃው እንደ ብር ሆኖ እንደሚተኛ ነገረው። ነፋሱ ከንፈር ላይ ጨው እንደሚተው፣ ማዕበሉ መጥቶ እግርን ነክቶ ሲመለስ አሸዋውን ከተረከዝ ስር እየሸረሸረ እንደሚወስድ፣ ያኔ ሰው የሚሄደው እሱ ራሱ እንደሚመስለው ነገረው። መጀመሪያ ባየው ቀን ባቡሩን አቁሞ እንደ ልጅ እንደሮጠ፣ ሱሪው እስኪርስ ውኃው ውስጥ ቆሞ እንደሳቀ ነገረው።

"ይህን ለአስካለ ነግረሃታል?"

"አልነገርኳትም።"

"ለምን?"

"ከነገርኳት ውሰደኝ ትለኛለች ብዬ።"

ተካልኝ ካላንደሩን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሁለቱም ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ተካልኝ ፊቱን በነጠላው ጠረገና ወደ ውጪ ተጣርቶ "አብዱን ጥሩልኝ" አለ።

ገረመው ለቅሶ ደረሰ፣ ተካልኝ ድንኳኑን አስነቀለ፣ አብዱ ነቅሎ ከሙሽራዋ ደጅ ተከለ፣ ሙሽራዋ ከድንኳኑ ስር ተዳረች፣ ሰናይት መርፌዋን አስቀመጠች፣ ገረመው ሻንጣውን አነሳ፣ በሞያሌ አድርገው፣ አገር አቋርጠው፣ አስካለ ሞምባሳ ገባች።

ባሕሩ ልክ ካላንደሩ ላይ እንዳለው ነበር። አሸዋው ነጭ፣ ውኃው ሰማያዊ፣ የኮኮናቱ ዛፍም አንገቱን ደፍቷል። የየአገሩ ሰው ይዋኛል፣ ይስቃል፣ ፎቶ ይነሳል። ሰናይት ሻንጣዎቹን ይዛ ወደ ኋላ ቀረች። አስካለ ጫማዋን አውልቃ በግራ እጇ አንጠለጠለች። ቀኝ እጇን እንደ ልማዷ ወደ ጎን ዘረጋችና ወደ ውኃው ሄደች። ማዕበሉ መጥቶ እግሯን ነካ፣ አሸዋውን ከተረከዟ ስር ወሰደ። እጇ ግን እንደተዘረጋ ቀረ፤ የሚይዘው አልመጣም።

ገረመው ከኋላዋ ቆሞ ያንን እጅ አየ። ልያዘው ወይስ ልተወው አለ። የእሱ ቦታ እንዳልሆነ ያውቃል። ብዙ ዓመት ስትጠይቀው የኖረችውን ጥያቄ አሁን እሱ ጠየቃት፦

"አስካለ፣ ባሕሩ እንዴት ነው?"

አስካለ ወደ እሱ አልዞረችም። እንባዋ እየወረደ፦

"ምን አለው፣ ውኃ ነው" አለችው።

ድንኳኑ ተነቅሏል፣ ሙሽራዋ ተድራለች፣ መርፌው ተቀምጧል፣ ባሏ መጥቷል፣ ባሕሩም አለ። ፋናዬ ግን የለችም።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። አፌን በዳቦ አታብሱልኝ፤ ዳቦውን ለቅሶ ሳትደርሱ ወደ ቀራችሁበት ቤት ዛሬውኑ ይዛችሁ ሂዱ።