በቀኝ በኩል የተጻፈው ቁጥር

አንዲት እናት የልጇን ስልክ ይዛ፣ በጣቷ እየተከተለች ታነብ ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ረጅም ቃል ያደክማታል። ቁጥር ግን አያመልጣትም።

ልጇ ትርሲት የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ ለእረፍት ቤት መጥታለች። የምትማረውን ዲፓርትመንት መርጣ በኢንተርኔት ቅጽ መሙላት አለባት። ቅጹ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ትርሲት ከልጅነቷ ጀምሮ የምትፈልገው ፋርማሲ ነው። እናቷ ማንበብ በማትችልበት ዘመን የደም ግፊት ኪኒኗን ወረቀት የምታነብላት፣ «ይቺን ከምግብ በኋላ ነው» የምትላት ይህች ልጅ ነበረች።

ታዲያ በዚያ ሳምንት ትርሲት ፋርማሲን አምስተኛ ምርጫ አደረገችው። አንደኛ ላይ የማትወደውን ትምህርት ሞላች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት እናቷ።

«አይደርሰኝማ፣ እማ! ግሩፑን እዪው። ፋርማሲ የሚሞሉት ሁሉ ከሦስት ነጥብ ሰባት በላይ አላቸው። የእኔ ሦስት ነጥብ አራት ሁለት ነው።»

ግሩፑ ተማሪዎቹ በቴሌግራም የሚጻጻፉበት ነው። «ውጤቴ ይህን ያህል ነው፣ የምሞላው ይህን ነው» ይላሉ። ማስረጃ የሚያሳይ የለም። ስማቸው እንኳ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም።

«ይሄ ‹አንበሳው› የሚባለው የማን ልጅ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«አታውቂውም። ግን ታምኚዋለሽ።»

«እማ ደግሞ! ቲማቲም መሰለሽ እንዴ የምታገላብጪው?»

እናት ግን ማገላበጧን አልተወችም። «እዚህ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«ሁለት ሺህ አራት መቶ።»

«ውጤቱን የጻፈውስ?»

«ስልሳ ቢሆን ነው።»

«የቀረው ሕዝብ የት ገባ?»

«ዝም ብሎ ያነባላ! ዝቅ ያለ ውጤት ይዞ ማን ይጽፋል? እንዲሳቅበት?»

ሰማችኋት? መልሱን በገዛ አፏ ተናገረችው፤ በገዛ ጆሮዋ ግን አልሰማችውም። ስልሳ ሰው ይናገራል፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሰው ዝም ይላል። እርሷም የስልሳውን ወሬ ይዛ የሁሉም ውጤት ነው አለች። እኛስ ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገናል?

እናት ማንበቧን ቀጠለች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ሦስት… ነጥብ… ስምንት… አንድ። አንደኛ ምርጫ ፋርማሲ። ይሄኛው ለምንድን ነው በቀኝ በኩል የተጻፈው? ሌላው ሁሉ በግራ ነው። ቀለሙም ተለይቷል።»

ትርሲት ስልኩን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። እናት አልሰጠቻትም። ወገኖቼ፣ ይህን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በቀኝ በኩል የሚታየው የስልኩ ባለቤት የጻፈው ነው።

«አንቺ ነሽ?»

«ሁሉም እኮ ይጨምራል፣ እማ። ሌላው ፈርቶ እንዲሸሽ ነው።»

«ሁሉም የሚጨምር ከሆነ አንቺ ከማን ሸሸሽ?»

እስቲ እናንተ መልሱላት። የራሷ ቁጥር ውሸት እንደሆነ ታውቃለች። የሌላውን ግን እንደ እውነት ተቀበለች። ሰው ራሱ ባጠመደው ወጥመድ እንዴት ይያዛል? ይያዛል! ውሸታም ብቻዬን ነኝ ብሎ ያስባላ።

ዓርብ ከሰዓት በፊት ትርሲት ቅጹን ከፍታ ፋርማሲን ወደ አንደኛ መለሰችው። እናቷም «ያንን ጽሑፍሽንም አርሚው» አለቻት። «እሺ፣ ቅጹ ይዘጋና» አለች።

ቅጹ ይዘጋና! እናትየው ይህን ስትሰማ ምን ያለች ይመስላችኋል? ምንም። ዝም አለች። ጥቂት ሰው ፋርማሲን ቢፈራ ለልጇ እንደሚሻል ገብቷት ነበር። ቅድም የሰዉን ሁሉ ውሸት ስታበጥር የነበረች ሴት፣ የቤቷ ውሸት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲቆይ ፈቀደች።

ፋርማሲ ደረሳት ወይ ትሉኛላችሁ። ደረሳት። በሦስት ነጥብ አራት ሁለት ደረሳት።

ምደባው የወጣ ቀን ስልክ ተደወለ። ኤፍራታ ናት፤ ከትርሲት ጋር አንድ ዶርም የነበረች፣ ግሩፑ ላይ የምትጻጻፍበትን ስም የምታውቅ ልጅ። ድምፅዋ ለእናትም ይሰማ ነበር።

«እንኳን ደስ አለሽ የኔ ቆንጆ! እኔማ ሦስት ነጥብ አምስት አንድ ይዤ ልሞላው ነበር። አንቺ ሦስት ነጥብ ስምንት እንዳለሽ ሳይ ግን፣ ጎበዞቹ ገብተውበታል፣ እኔን ማን ያየኛል ብዬ ተውኩት።»

ሦስት ነጥብ አምስት አንድ። ከትርሲት ትበልጣለች። እናም ከልቧ «እንኳን ደስ አለሽ» ትላለች! እናንተ በዚያ ቤት ተቀምጣችሁ ቢሆን ምን ትመልሱ ነበር? እናትና ልጅ ተያዩ። ትርሲት «አመሰግናለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ አለቀሰች። ማልቀሷ ግን ኤፍራታን ፋርማሲ አላስገባትም።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የማታውቁት ሰው ስለ ራሱ የሚነግራችሁን ተጠራጠሩ። ማነው? ማን አየለት? ዝም ያሉትስ ስንት ናቸው? ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ኃጢአት አይደለም። ግን ጥርጣሬያችሁ ደጃችሁ ላይ ቆሞ እንዳይቀር፣ ወደ ራሳችሁም እንዲገባ እለምናችኋለሁ። በሐሰት መመስከር በሌላው ላይ ክፉ ማውራት ብቻ ይመስለናል። ስለ ራሳችን መልካም አድርገን የምንዋሸውስ የሚጎዳው ሰው የለም?

ዛሬ ከዚህ ጉባኤ ስንወጣ በሩ ላይ እንቆማለን። «ልጅሽ ስንት አመጣች?» መባባላችን አይቀርም። ያኔ ምላሳችን ላይ ትንሽ ጭማሪ ይመጣል፤ እኔ ላይም ይመጣል። ዋጡት። የመጣውን ቁጥር እንደመጣ ተናገሩ። አጠገባችሁ የቆመችው እናት ቤቷ ገብታ ልጇን «የሰው ልጅ እንዲህ ሲያመጣ አንቺ ምን ሆንሽ?» ብላ የምታስለቅሳት፣ እናንተ በነገራችኋት ቁጥር ነው።