ሕጉን ታምኚያለሽ?

ንጉሥም ሕገ መንግሥትም ባለበት አገር፣ ምላሷ የማይተኛ አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች አሉ። ጌሾ የተከለችበት ጓሮ የመንግሥት ነው ተባለና ተከሰሰች። ከሳሿ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ነው። ችሎት ፊት ደረቱን ነፍቶ፣ «ዳኛውን የሾመው ንጉሡ ነው፤ እኔንም የሾመኝ ንጉሡ ነው። ግን አንተዋወቅም!» አለ። «እኔ ዐቃቤ ሕግ ነኝ፤ ዐቃቤ ማለት ጠባቂ ነው። አንቺ ሴትዮ፣ ሕጉን ታምኚያለሽ?»

አዎ ብትል ጓሮውን አስረክቢ ሊላት፣ አላምንም ብትል በችሎት መድፈር ሊያሳስራት ነው።

እሷ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «እኔስ አምነዋለሁ፣ ጌታዬ። ያላመናችሁት እናንተ ናችሁ፤ ዘበኛ ያቆማችሁበት!» አለችው።

ዳኛው ሳቁ አምልጦት ፈረደላት፤ ጌሾዋም ሳይነቀል ቀረ።