ወንዙን ጠይቂው

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ፤ ወሬ የሚያቋርጠኝ ግን ወደ ጥጆቹ ይሂድ። በድሮ ዘመን፣ ስሙን እኔም በማላውቀው አገር፣ አያ ዝንጀሮና እመት ጃርት የሰው ማሳ መዝረፍ ሰልችቷቸው ገበሬ ሆኑ። ጃርት እውነቷን ነበር፤ የዝንጀሮን ግን እንጃ።

በማሳቸው መካከል ወንዝ ይወርዳል። ጃርት የድንበር ድንጋይ እንትከል ስትለው ዝንጀሮ እምቢ አለ። "ድንጋይን ሌባ ያንቀሳቅሰዋል፤ ወንዝን ማን ያንቀሳቅሰዋል? ወንዙ የሄደበት ድንበራችን ይሁን" አላት። በአዛውንቱ በኤሊ ፊትም ከወንዙ ወደ ተራራው ያለው የዝንጀሮ፣ ወደ ሜዳው ያለው የጃርት ይሁን ብለው ማሉ።

ብዙም ሳይቆይ ዝንጀሮ በራሱ በኩል ድንጋይና እሾህ ቆልሎ ውሃውን ወደ ጃርት ገፋው። ውሃው የጃርትን ዳር ሥር ሥሩን እየበላ ይንደው ጀመር፤ የናደውንም አፈር ዝቅ ብሎ በዝንጀሮ በኩል ያስተኛዋል። ጃርት ሽንብራዋ ከነመሬቱ ሲሄድባት እያለቀሰች ዝንጀሮ ዘንድ መጣች።

"እኔ ምን አደረግሁ? ወንዙን ጠይቂው" አላት፣ አዲሱ ደለል ላይ ባቄላ እየዘራ።

ጎመኗ ሄደ፤ ወንዙን ጠይቂው። ድንቿ ሄደ፤ ወንዙን ጠይቂው። ክረምት ሲቃረብ የቀራት ጎጆዋና አንዲት መደብ ዱባ ነበር። ልጆቿን ይዛ ወዴት እንደምትሰደድ ጨነቃት። የምሬን ነው፣ እኔም ታሳዝነኛለች።

ዝንጀሮ አልጠገበም። ክምሩን ሊያጠናክር ከቤቱ በላይ ያለውን ተራራ ዛፉን ቆረጠ፣ ቁጥቋጦውን ነቀለ። ኤሊ፣ አፈሩን የያዘው እኮ ያ ሥር ነው ብለው ቢመክሩት፣ እርስዎ ቤትዎን ተሸክመው እየዞሩ ምን ያስፈራዎታል አላቸው።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ራቁቱን ተራራ ሲያገኝ ማን ይያዘው? አፈሩን ጠርጎ፣ ድንጋዩን እያንከባለለ ወረደና ከዝንጀሮ ቤት ጀርባ ትልቅ ቦይ ቆፈረ። አሮጌው መንገድ በዝንጀሮ ድንጋይ ጠብቦ ነበርና ወንዙም ዞሮ በአዲሱ ቦይ ገባ።

ሲነጋ ዝንጀሮ ከነቤቱ፣ ከነባቄላው፣ ከወንዙ ወደ ሜዳው በኩል ቁጭ ብሏል። ኤሊን አስጠራ፤ ኤሊ እየተንፏቀቁ እስኪደርሱ መሸ። ደርሰውም፣ ከወንዙ ወደ ሜዳው ያለው የጃርት ይሁን ያለበትን መሐላ አስታወሱት። ያኔ ወደ ጃርት ዞሮ፣ ጎረቤት አይደለንም ወይ፣ እዘኚልኝ አለ።

ጃርት ከዱባዋ ቀና ሳትል፣ "እኔ ምን አደረግሁ፣ አያ ዝንጀሮ? ወንዙን ጠይቀው" አለችው።

አላባረረችውም። ባቄላውን ሰብስባ፣ እሱን ተራራው ላይ ሣርና ችግኝ እንዲተክል ላከችው። መቀመጫው የተላጠው ያን ራቁት ተራራ እየተንሸራተተ ሲወርድ ነው ይባላል። የእኔ ተረት ወንዙን ተሻገረ፤ እናንተም ይህን ይዛችሁ ግቡ፦ ለጎረቤት ጎርፍ የመራ፣ በጓሮ ዞሮ አገኘው መከራ።