ጭስ የበዛበት ቀፎ

ለትንሿ ንብ ሥርዓትን የሰጠ፣ ለሐኪምም ጥበብን ያልነፈገ አምላክ በሰማይም በምድርም ይመስገን። ልጄ አያናው፣ ሐኪም ለልብህ ጭንቀት ያዘዘልህን መድኃኒት ሦስት ወር ውጠህ እንዳልቀለለህ፣ ሲጋራው ግን ወዲያው እንደሚያሳርፍህ ነገርኸኝ። ማጨስህንም ለሐኪሙ እንዳልገለጥህለት አልሸሸግኸኝም። ከዚያ፦ «የኔታ፣ ክኒኑን ጥዬ የሚያሳርፈኝን ልያዝ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እንግዲህ ስማ።

አንድ ሰው ነበረ። ከአባቱ የወረሰው አንድ ቀፎ ነበረው። በድርቅ ዘመን አበባ ጠፋና ንቦቹ ከሱ። ሰውየው ደግ ነበርና በየማለዳው በሶ በማር ውኃ በጥብጦ ከቀፎው አፍ ያኖርላቸው ነበር። ነገር ግን ጉምጉምታቸው ልቡን ስለሚያስጨንቀው ኩበት እያጨሰ ወደ ውስጥ ይነፋባቸዋል። ጭሱ ሲገባ ዝም ይላሉ፤ እርሱም ዐረፉልኝ ይላል። ጥቂት ቆይተው ከፊተኛው ይልቅ ሲያጉረመርሙ ደግሞ ያጨሳል። ንቦቹ እየተመገቡ መነመኑ። በመጨረሻም መኖው ከንቱ ነው ብሎ ሊያቋርጥ ቆረጠ።

አንድ ሽማግሌ ንብ አርቢ ይህን ሰምቶ መጣ። ቀፎውን ቢከፍት የማሩ ቤት ሁሉ ባዶ ነው። «አንተ ሰው፣ ንብ ታረባለህ ወይስ ቋንጣ ታጨሳለህ?» አለው። ሰውየው ንቦቹ ጭሱን ሲያገኙ ዝም እንደሚሉ ተናገረ። ሽማግሌውም እንዲህ አለ፦ «ፈርተው ነው እንጂ ዐርፈው አይደለም። ንብ ጭስ ሲሸታት ዱሩ የተቃጠለ ይመስላታል፤ ልትሰደድ ተነሥታ ስንቋን በሆዷ ትሞላለች። ያኖርህላትን መልሰህ የምታስጨርሳት አንተ ነህ።»

ሰውየው በፍሙ ላይ ውኃ ቸለሰበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንቦቹ አብዝተው ጮኹ፤ እጁ ወደ ኩበቱ ቢሄድበትም ታገሠ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀፎውን ከፈቱት። ዝናብ አልዘነበም፣ አበባም አልፈነዳም፣ መኖውም ያው ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ቤት አዲስ እንቁላል ተጥሎ ነበር። ሰውየው በግንባሩ ወደቀ። መኖውም አሁን ስለ ተረፈ ጉንዳን መጣበት፤ በገዛ እጁ ግን አላቋረጠም፤ ሽማግሌውን ጠየቀ፤ ሽማግሌውም መስፈሪያውን ቀነሰለት።

ልጄ ሆይ፣ ቀፎው ሰውነትህ ነው፤ መኖውም ክኒንህ። ሲጋራው የሚያበርድልህ ጭንቀት አብዛኛው ራሱ የለኮሰው ነው። የሚያጨስ ሰው ጉበት ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹን ከልኩ ፈጥኖ እንደሚፈጃቸው ሐኪሞች ያስተምራሉ። ዓይን በማያየው ሥፍራ እንዲህ ያለ ሥራ በውስጣችን መሠራቱ ዕፁብ ነው፤ እኔ ባሰብሁት ቍጥር እንቀጠቀጣለሁ። ስለዚህ ክኒኑን አትጣል። ወደ ሐኪምህ ተመለስ፤ ማጨስህን ግለጥለት፤ ለማቆም ስትነሣም አስቀድመህ ንገረው፤ ጭሱ ሲቀር ክኒኑ ሊበዛብህ ይችላል፣ ልኩን የሚያውቀውም እርሱ ነውና። በመጀመሪያው ሰሞን ጭንቀቱ ቢጮኽብህ አትደንግጥ።

የልብን ጉምጉምታ ከሩቅ የሚሰማ ጌታ ለአንተም፣ ይህን ከአንተ ጋር ለሰማችሁም ሁሉ ትዕግሥትን ያድላችሁ፤ የምትውጡትን ፈውስ፣ የምትተነፍሱትን ሕይወት ያድርግላችሁ። አሜን።